መጨረስ የማያውቀው ባንድ

መጀመር ላይ ማንም አይችለንም ነበር። ጊታሪስቱ አንዲት አጭር ዜማ ይወረውራል፣ ቤዚስቱ ከስር ተቀብሎ ያወፍራታል፣ እኔ በኪቦርዴ አለባብሳታለሁ፣ ድራመሩ ደግሞ ሁላችንንም ጭኖ ይነዳናል። ከዚያ በኋላ የት እንደምንደርስ አናውቅም፤ ደስታውም እሱ ነበር። ችግራችን መጨረስ ነው። በዚያ ሁሉ የልምምድ ዘመን አንድም ረጅም ሙዚቃ በገዛ ፈቃዳችን ጨርሰን አናውቅም። የሚጨርስልን የመብራት መጥፋት ነበር። ጥፍት ይላል፣ እኛም እዚያው ባለንበት እንቀራለን።

የምንለማመደው አዳማ ውስጥ፣ የቤዚስቱ አክስት ወፍጮ ቤት ጀርባ ባለች መጋዘን ነው። ግድግዳው አንድ ነው። በዚያ በኩል ወፍጮው ይጮኻል፣ በዚህ በኩል እኛ። እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች በረንዳው ላይ ከረጢታቸው ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ዱቄቱ በግድግዳው ቀዳዳ ሾልኮ ኪቦርዴ ላይ ስለሚያርፍ ሁልጊዜ ከመጀመሬ በፊት በነጠላዬ ጫፍ እጠርገዋለሁ። አክስትዬው ስለ እኛ ያላቸውን አስተያየት ደብቀው አያውቁም። «እናንተ ከምትጮሁት ወፍጮው ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ዱቄት ይሰጣል» ይላሉ። ሙዚቃው ሲረዝምባቸው ግድግዳውን በቁና ይደበድባሉ። «አቁሙ እንጂ! ሰው ጭንቅላት የለውም?»

መብራት ሲጠፋ ወፍጮው እያቃሰተ ይቆማል፣ ጊታሩ ይሞታል፣ የእኔም ኪቦርድ ጭጭ ይላል። ኤሌክትሪክ የማይፈልገው ድራመሩ ብቻ ትንሽ ይመታና እንጨቶቹን ይወረውራቸዋል። «በቃ፣ አለቀ» ይላል። ከዚያ ወጥተን በረንዳው ላይ ከሴቶቹ ጋር እንቀመጣለን። ያለቀ ነገር ግን አልነበረም፤ የተቆረጠ ነው እንጂ።

ይህ አስረዝሞ የመጫወት አመል የተጋባብን ከጊታሪስቱ ሱቅ ነው። ስልክ ይጠግናል፣ ዘፈንም ይጭናል። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ጥሎለት ሄደ። ውስጡን ሲከፍተው የፈረንጅ ሮክ ሞልቶበታል፤ ነገር ግን እኛ የምናውቀው ዓይነት አይደለም። አንዱ ዘፈን ብቻውን ከአዳማ ሞጆ ያደርሳል። ዘፋኙ ትንሽ ያዜምና ይጠፋል፤ ከዚያ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ወሬ ይጀምራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ምቱ አራት የነበረው ሰባት ይሆናል፣ ጠፉ ስትዪ ዞረው ቤታቸው ይገባሉ። ያንኑ ዘፈን በየመድረኩ ደጋግመው ተጫውተውታል፤ በእያንዳንዱ መድረክ ላይ ግን ሌላ ነው። ይህን ያላወቀው ጊታሪስታችን ርዕሳቸው አንድ መሆኑን አይቶ «ድጋሚ ነው፣ ቦታ ይይዛል» ብሎ ግማሹን አጠፋው። እስከ ዛሬ ይቅር አላልነውም።

እኔ ኪቦርድ የተማርኩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጴንጤ ነን። እዚያ መዝሙር ከመጫወት የሚከብደው ከጸሎት ስር መጫወት ነው። ፓስተሩ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፤ የት እንደሚደርስ እሱም አያውቅ፣ አንቺም አታውቂ። ድምፁ ሲወርድ ትወርጃለሽ፣ ሲነሳ ትነሻለሽ፣ አሜን እስኪል ዝም ብለሽ ከስሩ ትሄጃለሽ። ስለዚህ እነዚያን ረጃጅም ሙዚቃዎች መጀመሪያ ስሰማ ግራ አልገባኝም። «ይሄን አውቀዋለሁ» አልኩ። ደስ አለኝ፤ የምሬን ነው፣ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የምንኖረው ግን በሰርግ ነው፤ ሰርግ ደግሞ ሰባት ምት አይወድም። አንድ ጊዜ ሆቴል ውስጥ ሞክረነው ነበር። እኛ መንፈሳችን ሰማይ ነክቶ ሳለ ባለቤቱ መጡና በትህትና «መሣሪያውን ፈትሻችሁ ስትጨርሱ ሙዚቃ ትጀምራላችሁ አይደል?» ብለው ጠየቁን። ከዚያ በኋላ ረጅሙን ሙዚቃ ለወፍጮው ብቻ ተጫወትነው።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ድራመሩ እለቃለሁ ያለው። በጥር፣ በሐሙስ ልምምዳችን ላይ ነው። አባቱ ከወሎ መጥተው አዳማ ጎማ የሚነግዱ ሰው ናቸው፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ውስጥ በወዳጃቸው በኩል ሥራ አግኝተውለታል። ከሰኞ ጀምሮ ኮንቴይነር ሲገባ ሲወጣ ይቆጣጠራል፤ ቅዳሜና እሁድም ሥራ ነው።

«የፊታችን እሁድ የሁሩታው ሰርግ የመጨረሻዬ ነው» አለ። እንጨቶቹን እየጠቀለለ ነው የሚያወራው።

«እሱንስ ማን ፈቀደልህ?» አልኩት።

«እህቴ፣ ሌላ ድራመር ፈልጉ። ድራመር ሞልቷል።»

«ሰርግ የሚመታ ሞልቷል። እኛ የምንጫወተውን ማን ይመታዋል?»

«እኛ የምንጫወተውንስ ማን ይሰማዋል?» አለ። «ወፍጮው ነዋ! እሱም መብራት ሲኖር ነው። ደግሞ አንዱን እንኳ መጨረስ አቅቶን...» አልጨረሰውም።

ተናደድኩ። እኔ ስናደድ አፌ አያርፍም፤ ፈሪ አልኩት፣ የአባትህ ልጅ አልኩት፣ ሌላም ጨመርኩ። የበለጠ ያናደደኝ ግን እውነቱን መሆኑ ነው። እሱ ከሄደ ያ ሙዚቃ አለቀለት። ሌላ ሰው ከበሮው ላይ ቢቀመጥ የሰርግ ባንድ እንሆናለን እንጂ እኛን አንሆንም። እስከ እሁድ ድረስ አላናገርኩትም።

እሁድ ጠዋት በአንድ ሚኒባስ ዕቃችንን ጭነን ወጣን። መልካሳን አልፈን ወደ አርሲ መውጣት ስንጀምር የአዳማ ሙቀት ይቀራል፤ መስኮቱን መዝጋት ያምርሻል። ስንዴው ታጭዶ ገለባው ተከምሯል። በጥር እሁድ የአሰላ መንገድ የሙሽሮች ነው። አበባ ያሰሩ መኪኖች ክላክሳቸውን እየነፉ አንዱ ሰርግ ሌላውን ሰርግ ይቀድመዋል። እኔ ከፊት፣ ድራመሩ ከኋላ ተቀምጠን ሁሩታ ገባን።

ሙሽሪት የምትመጣው ከደራ ነው፤ ሰርጉ በሙሽራው ቤት ነው። ትልቅ ድንኳን ተጥሏል፤ ከጀርባው አዲስ ጀነሬተር አለ። የሙሽራው አጎት የአጥሩ ካብ ላይ ወጥተው በእጃቸው ነጭ ሻሽ ይዘዋል። አጃቢዎቹን ሲያዩ ሊያውለበልቡ ነው፤ እኛም ያን ጊዜ የመግቢያውን ዘፈን እንጀምራለን። ሚዜው በስልክ «ደርሰናል!» ብሏል። በእኛ አገር «ደርሰናል» ማለት ጫማችንን እያሰርን ነው ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ሁሉም ያምናል።

ብዙም ሳይቆይ ከታች ክላክስ ተሰማ። አበባ ያሰረ መኪና ብቅ አለ። አጎትዬው ሻሹን አውለበለቡ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ብድግ አለ፣ እኛም የመግቢያውን ዘፈን ለቀቅነው። መኪኖቹ መጡ፣ መጡና በራችን ላይ ደርሰው አንዴ ክላክስ ነፍተውልን ወደ ላይ አለፉ። የሌላ ሰው ሰርግ ነው።

ለሰርግ ብቻ የሚመጣው ዘፋኛችን ወደ እኛ ዞሮ አቁሙ የሚል ምልክት ሰጠ። እጄን ላነሳ ስል አንድ ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው መድረኩ ስር ደረሱ። የሙሽራው አያት ናቸው።

«እንዳታቋርጡ!» አሉ። «እኛ ቤት ለሙሽራ የተነሳ ሰው፣ ሙሽራ ሳይገባ አይቀመጥም። የተነሳ ዘፈንም አይወድቅም። ገዱ ጥሩ አይደለም።»

«አባባ፣ ሙሽሮቹ እኮ ገና ናቸው» አለ ዘፋኙ በማይክራፎኑ።

«ገና ከሆኑ እናንተም ገና ናችሁ። ቀጥሉ!»

ቀጠልን። ለሚዜው ተደወለ፤ «ደርሰናል!» አለ። በኋላ እንደሰማነው የዚያን ጊዜ ሰዎቹ ደራ ግቢ ውስጥ ተንበርክከው ነበር። የሙሽሪት አያት ምርቃት ጀምረው ማብቂያው ጠፍቷል። ለካ እሳቸውም እንደ እኛ መጨረስ አያውቁም።

ዘፋኙ ሙሽራውን አወደሰ፣ ሙሽሪትን አወደሰ፣ የሁለቱንም አማቾች አወደሰ፣ የሁሩታን ስንዴ አወደሰ። የሚወደስ ሲያልቅበት እንደገና ከሙሽራው ጀመረ። በመጨረሻ ድምፁ ተሰነጠቀ። «ውሃ» ብሎ ማይክራፎኑን አስቀምጦ ከመድረኩ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ። አራታችን ቀረን። ድንኳን ሙሉ ሰው ቆሞ ያየናል። ጊታሪስቱ ምን እናድርግ በሚል ዓይን አየኝ።

ምን እንደማደርግ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ድምፅ ያዝኩና ከጸሎት ስር እንደምሄደው ሄድኩ። ደራ ላይ አንድ ሽማግሌ እየመረቁ ነው፣ እኔ ደግሞ ሳላውቀው ከስራቸው እየተጫወትኩ ነበር ማለት ነው። ቤዚስቱ ገባኝ ብሎ ተከተለኝ። ጊታሪስቱ ከወፍጮ ቤቱ ሙዚቃችን አንዷን ዜማ ቀስ አድርጎ ወረወረ። ድራመሩ አንገቱን አቀርቅሮ ለሰርግ የሚመታውን ይመታል፤ ልቡ ሞጆ ነው።

በሕይወታችን የመጀመሪያውን አድማጭ ያገኘነው እንግዲህ እንዲህ ነው፤ መቀመጥ የተከለከለ ሕዝብ። መጀመሪያ ግራ ተጋቡ። ከፊት የቆሙ አንዲት ሴትዮ ለጎረቤታቸው «ተበላሸባቸው እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። ጊታሪስቱ ሰምቶ ጆሮው ድረስ ቀላ። እኔም የሆቴሉ ቀን ተመልሶ መጣ አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ መምታት የጀመሩት። ጠቅ። ቆየት ብለው ጠቅ። ከእኛ ምት ጋር አይገጥምም። እኛ ባልጠበቅነው ቦታ ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና ባልጠበቅነው። እኔ ተሳስተው መስሎኝ ነበር። ድራመሩ ግን ቀና አለ። የራሱን ምት ተወና የዱላውን መከተል ጀመረ። ሽማግሌው ይህን አወቁ። ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው «ጀባዱ!» አሉት፤ በርታ ማለታቸው ነው። ከኋላቸው ያሉት ወንዶች በአንድ ጉሮሮ «ሆ!» ብለው ተቀበሏቸው። ሴቶቹ ጭብጨባ አመጡ፤ እሱም የራሱ ቤት ያለው ጭብጨባ ነው፣ በዱላው መሀል የሚገባ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል ልናገር አልችልም። ወደ ሰባት ምት ማን እንደወሰደን አላውቅም፤ ዱላው ግን ግድም አልሰጠው፣ በሰባቱም ውስጥ መንገዱን አገኘ። ጊታሪስቱ የማላውቀውን ነገር ይጫወታል። ቤዚስቱ ይስቃል። አንዲት ሴት ግጥም ጣለች፣ ሌላዋ መለሰችላት፤ በኦሮምኛ ስለነበር ሁሉንም አልያዝኩትም፣ የእኔ ኪቦርድ ግን መለሰላቸው። ወደ ድራመሩ ዞር አልኩ። ላብ አጥምቆት፣ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑ ከዱላው አይነቀልም። ያን ፊት በዚያ ሁሉ ዓመት አይቼበት አላውቅም። ይሄ ሰው ነው ነገ ኮንቴይነር ሊቆጥር የሚሄደው ብዬ ልቤ ተሰበረ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ ረሳሁት፣ ሙዚቃው ወሰደኝ።

ቀና ስል ሙሽሪትን አየኋት።

ድንኳኑ በር ላይ ቆማለች። ቬሏን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሙሽራው ከጎኗ፣ ሚዜዎቹ ከኋላ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆመች እግዜር ይወቀው። ክላክሱን የሰማ የለም። ሰው ሁሉ ፊቱ ወደ እኛ፣ ጀርባው ወደ ሙሽሪት ነው። አንደኛው ሚዜ እጁን እያወናጨፈ ምን እያደረጋችሁ ነው ይላል። የመግቢያው ዘፈን የት እንዳለ አራታችንም አናውቅም፤ ከእሱ ከራቅን ብዙ አገር አልፈናል። መቆም አይቻልም፣ የተነሳ አይወድቅም ተብለናል። መመለስ ደግሞ ተምረን አናውቅም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት እንዲጠፋ ጸለይኩ። ጀነሬተሩ ከድንኳኑ ኋላ በጤንነት ይንደቀደቃል።

ድራመሩ አየኝ። ከሐሙስ ወዲህ ገና ማየቱ ነው። በዓይኑ ወደ በሩ ጠቆመኝ፤ እሱም አይቷታል። ቀስ እያለ ሲምባሉን ተወ። የእጁን ከበሮ ተወ። የእግሩ ብቻ ቀረ፤ ዱም፣ ዱም። ሁላችንም አብረን ዝቅ አልን። ከዚያ በዱላውና በእግሩ መካከል፣ ማንም ሳይነቃበት፣ የመግቢያውን ምት አስገባ። አወቅኩት። የመጀመሪያዋን ድምፅ ነካሁ፣ ቤዚስቱ ገባ፣ ጊታሪስቱ ዜማዋን አነሳ፣ ዘፋኙ የውሃ ጠርሙሱን እንደያዘ እየሮጠ ወደ ማይክራፎኑ መጣ። ሽማግሌው ዞር አሉ። ሰው ሁሉ ዞረ። ሙሽሪት የመጀመሪያውን እርምጃ ስትራመድ ምቱ ከእግሯ ጋር አረፈ፣ እልልታው ድንኳኑን ሊያነሳው ደረሰ።

ሙሽሮቹ ቦታቸው ደርሰው ሲቀመጡ ድራመሩ ሁለቱን እንጨቶች ወደ ላይ አነሳ። አየነው። አወረዳቸው። አራታችንም አንድ ላይ ቆምን።

ዝም አለ። የተቆረጠ ዝምታ አልነበረም። ሽማግሌው ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ፤ እሳቸውን አይቶ ሰው ሁሉ ተቀመጠ። እኔ አለቀስኩ። ምን እደብቃለሁ፣ ኪቦርዴ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ከምሳ በኋላ ዕቃ ስንፈታ ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው መጡ። ቀጥታ ወደ ድራመሩ ነው የሄዱት።

«አንተ ልጅ፣ ያ ዘፈን ማን ይባላል?»

«ስም የለውም፣ አባባ።»

«እንዴት ስም የለውም? ሚያዝያ ላይ ታናሽየውን እድራለሁ። ምን ብዬ ልዘዝ?»

ድራመሩ አንገቱን ደፋ። «አባባ፣ ያንን ደግመን መጫወት አንችልም። እርስዎ ዱላዎን ሲመቱ የመጣ ነው።»

«የድሮውን ማን ድገሙ አላችሁ? አዲስ ይዛችሁ ኑ። ዱላውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።» እጃቸውን ዘረጉ። «ትመጣለህ?»

ድራመሩ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ወደ እኛ አላየም። «እሺ፣ አባባ። እመጣለሁ» አለ።

«ገለቶማ» ብለው አመስግነውን ሄዱ።

በመልሱ መንገድ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ደራን እስክናልፍ ቻልኩ፤ ከዚያ በላይ ግን አልቻልኩም። «በሚያዝያ እሁድ ማን ነው የሚመጣው? የሞጆው ኮንቴይነር?» አልኩት።

«ዝም በይ» አለኝ። እየሳቀ ነበር።

ሰኞ ሞጆ ሄደ። አልደወለም፤ እኛም ኮራንና አልደወልንለትም። ሐሙስ ከሰዓት ሦስታችን መጋዘኗ ውስጥ ተሰብስበን መሣሪያ እንነካካለን እንጂ ማንም አይጀምርም። የእሱ ወንበር ላይ ዱቄት ተኝቷል። ቤዚስቱ ሊጠርገው ተነሳና ተወው። እኔ መጀመር እንኳ አቃተን ማለት ነው ብዬ እያሰብኩ ነው በሩ የተከፈተው። የሚያብረቀርቅ የሥራ ሰደርያ ለብሶ፣ የሞጆን አቧራ እስከ ቅንድቡ ተሸክሞ ገባ።

«እሁድና ሐሙስ አልሠራም አልኳቸው» አለ፣ ሰደርያውን እያወለቀ። «ለሽማግሌ ቃል አለብኝ አልኩ። አለቃው ሳቀብኝ። በምትኩ ማንም ሰው የማይወደውን የሌሊት ተራ ሰጠኝ።»

«አባትህስ?» አለው ጊታሪስቱ።

«አኩርፈዋል። ሽማግሌው ጠርተውኛል ስላቸው ግን የየትኛው አገር ሽማግሌ ናቸው ብለው ጠየቁ። እሱ ጥሩ ምልክት ነው። በሉ ጀምሩ፣ እንቅልፌ መጥቷል።»

ጀመርን። ወፍጮው በዚያ በኩል ይጮኻል፣ እኛ በዚህ በኩል ተነሳን። ገና መንገድ ላይ ሳለን መብራቱ ጥፍት አለ። ወፍጮው አቃሰተ። ጊታሩ ሞተ። እኔም ከልማድ እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ።

«እንዳታቋርጡ!» ብሎ ጮኸ ድራመሩ። የሽማግሌውን ድምፅ ራሱን ነው ያመጣው። እሱ አላቆመም። እኔ ማጨብጨብ ጀመርኩ፤ እነዚያን የሁሩታ ሴቶች እያሰብኩ፣ በመሀል በመሀሉ። ጊታሪስቱ የጊታሩን ሆድ በመዳፉ መታ። ቤዚስቱ ዜማውን በአፉ ይዞ ገባ፤ ድምፁ አስቀያሚ ነው፣ ማንንም ግድ አላለውም። ከዚያ ከግድግዳው ማዶ ጭብጨባ ሰማን። በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ከረጢቷን ነው መሰለኝ የምትመታው፣ ወፍራም ድምፅ አለው። ሄድን፣ ሩቅ ሄድን። ድራመሩ ዝቅ ሲል አብረን ዝቅ አልን። የጀመርንባትን ዜማ ይዘን ተመለስን። እንጨቶቹን አነሳ፣ አወረደ።

ዝም አለ። መብራቱ ገና አልመጣም።

ከግድግዳው ማዶ ቁናው ሁለቴ ጠቅ ጠቅ አለ። አክስትዬው ናቸው። «እናንተ!» አሉ ተቆጥተው። «ምነው አቆማችሁ?»

ድራመሩ ላቡን በሰደርያው ጠረገና ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰላቸው።

«አላቆምንም፣ አክስቴ። ጨረስን!»